የደረቀችው ሳህን

ጤና አዳሙ መጠውለጉን ሽታዬ ያየችው ሐሙስ ጠዋት ነው፤ ሂዊ መርፌዋን ተወግታ ትምህርት ቤት ከሄደች በኋላ። በማዕድ ቤቱ ደጃፍ፣ በአሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ የተተከለው ጤና አዳም ቅጠሉ ከዳር ከዳር ቢጫ ሆኖ ጫፉ ወደ መሬት ተደፍቷል። መጀመሪያ ድመት ሸንታበት ይሆናል አለች። ቀጥላ፣ ግንቦት ነው፣ ዝናብ የለም አለች። ከዚያ ግን የያዘችውን መጥረጊያ ግድግዳው ላይ አስደግፋ ቆመች። ይህን ጤና አዳም በጆግ አጠጥታው አታውቅም። የሚጠጣው የፍሪጁን ውሃ ነው። በሁለት ቀን አንዴ፣ ከፍሪጁ ጀርባ ከታች የተወሸቀችውን ሳህን ትስብና የተጠራቀመውን አንድ ሲኒ የማይሞላ ውሃ ቆርቆሮው ላይ ትደፋለች። ለመጨረሻ ጊዜ የደፋችው መቼ ነበር? ገብታ ተንበረከከች፤ ሳህኗን ሳበች። ደርቃለች። አቧራ ይዛለች፣ አንድ የሞተ ዝንብም አለባት። አሁን ትዝ አላት፤ ከፋሲካ በኋላ ሁለት ሦስት ጊዜ ስባ ባዶዋን አግኝታት፣ "ተመስገን፣ ዛሬስ አላስቸገረኝም" ብላ መልሳ ወሽቃታለች። ደስ ብሏት ነበር።

ሽታዬ ነገርን ሁሉ ከመጥፎው ጫፍ ይዛ የምታስብ ሴት ናት። ባሕር ዳር የሚማረው ልጇ መሳፍንት ስልክ ካላነሳ፣ እሷ ልቅሶ ቤቱን አዘጋጅታ፣ ድንኳኑን ተክላ፣ ማን መጣ ማን ቀረ እስከማለት ትደርሳለች። ታዲያ ይህን ሁሉ ስታስብ የምትውል ሴት፣ ከፊት ለፊቷ የደረቀችውን ሳህን እንደ ምርቃት ተቀብላ ማለፏ ገረማት። ተነስታ የፍሪጁን የላይኛውን በር ከፈተች። የበረዶ ቤቱ የኋላ ግድግዳ አብጧል፤ ነጩ ላስቲክ በክፍተቱ ሁሉ በረዶ እየተፋ ወደ ፊት ተገፍቷል። ከውስጥ የሆነ ነገር ይቧጭራል። ይህን ድምፅ ከሳምንት በላይ ሰምታዋለች፤ ሬዲዮኑን ከፍ እያደረገች ዝም ብላዋለች። ታችኛውን በር ስትከፍት ደግሞ መደርደሪያው አልቦታል፣ ቅቤው ላልቷል። ባለፈው ቅዳሜ ወተቱ የተበላሸው ለካ በሌላ ምክንያት አይደለም።

ወተቱ ተበላሽቶ ባገኘችው ዕለት ያደረገችው ነገር ነው አሁን የታሰባት። የሂዊ ኢንሱሊን ከወተቱ አጠገብ ነበር። እሱም እንዲሁ ይበላሽብኛል ብላ ፈራችና፣ ካርቶኑን ከነጠርሙሶቹ አንስታ ላይኛው ክፍል፣ በረዶው ጥግ አስጠጋችው። ማንም አላዘዛትም። ከዚያ ደግሞ ቀዝቃዛ መድኃኒት ሲወጉት ያማል ሲባል ሰምታ ስለነበር፣ ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት ጠዋትም ማታም የተጀመረውን ጠርሙስ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ታሳርፈዋለች። ሂዊ ስትመጣ የምታገኘው ቀልጦ እንደ ወትሮው ጥርት ያለ ፈሳሽ ነው። ሽታዬ ካርቶኑን አሁን አወጣችው። ውስጡ ያሉት ሁለት ያልተከፈቱ ጠርሙሶች እንደ ድንጋይ ረግተዋል። በካርቶኑ ጎን በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ጽሑፍ ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙራ አነበበችው። እስከ አስራ ሁለተኛ ክፍል ተምራለች፤ ማንበብ አላቃታትም። በረዶ እንዳይነካው ይላል። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚህ ቤት ሲገባ ሲወጣ የኖረ ካርቶን ነው፤ አንድ ቀን አገላብጣ አላየችውም።

ሂዊ የባሏ የስማቸው እህት ልጅ ናት፤ አስራ አንድ ዓመቷ ነው፣ ስኳር ከያዛት ሦስት ዓመት ሊሆናት ነው። ከእናቷ ከአይናለም ጋር በዚሁ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ትኖራለች። ወንድምና እህት ግን ከተነጋገሩ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። እናታቸው እማማ እቴናት ሲሞቱ ሽማግሌዎች ተቀምጠው የፊቱን ቤት ለስማቸው፣ የኋላውን ክፍል ለአይናለም አካፈሉ። ዕቃውንም፣ የቆመ ዕቃ ከቆመበት ቤት ይሁን ብለው በየኑ። ፍሪጁ የቆመው የፊቱ ማዕድ ቤት ውስጥ ነበር። የገዛችው ግን አይናለም ናት፤ ቤይሩት ሰው ቤት አራት ዓመት ስትሠራ፣ እናቴ ቀዝቃዛ ውሃ ትጠጣ ብላ በላከችው ገንዘብ። ይህን ሽማግሌዎቹም ያውቁ ነበር፣ ስማቸውም ያውቃል፣ ሽታዬም ታውቃለች። ማንም አልተናገረም። አይናለምም ተነስታ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች እንጂ አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ ቤቶች መሀል የምትመላለሰው ልጅቷ ብቻ ናት፤ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ማታ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በማዕድ ቤቱ በር ገብታ፣ "እትዬ እንደምን አደርሽ" ብላ፣ ሆዷ ላይ ራሷን ወግታ ትወጣለች። ማታ ማታ በሩ የሚቆለፈው እሷ ከወጣች በኋላ ነው። ባለፈው ሰሞን ልጅቷ ትንሽ ብትዘገይ ስማቸው ከሳሎን፣ እየሰማችው፣ "ይሄ በር እስከ ስንት ሰዓት ነው የሚከፈተው? ቤት ነው ወይስ ፋርማሲ?" አለ። ሂዊ መርፌዋን ይዛ ቆማ ነበር። ሽታዬ እንዳልሰማች ሆና ድስት አጠበች።

አሁን ሌላም ነገር መጣባት። ሰሞኑን ሌሊት የሽንት ቤቱ በር ሲንቋቋ ትሰማለች። አንዴ አይደለም፤ ሦስት አራት ጊዜ። ሌባ ነው ብላ ባሏን ቀስቅሳው፣ "የሰው ሆድ ነው፣ ተኚ" ብሏታል። የሰው ሆድ አይደለም። ስኳር ከፍ ሲል ልጅ ውሃ ይጠማዋል፣ ሽንት ያመላልሰዋል፤ ይህን ሂዊ የታመመች ሰሞን ሐኪሙ ሲናገር አብራ ሰምታለች።

ወደ አይናለም መሄድ ነበረባት። እሷ ግን ስማቸው ጋ ደወለች። ስማቸው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ጠዋት ጠዋት ስልክ ሲደወልለት አይወድም።

"ፍሪጁ ተበላሽቷል" አለችው። ስለ መድኃኒቱ አላነሳችም።

"ምን ሆነ ደግሞ?"

"ላዩ በረዶ ሞልቷል፣ ታቹ ይሞቃል።"

"ያ ቆርቆሮ! መናኸሪያው ጋ ፍሪጅ የሚሠራ ልጅ አለ፣ እሱን አሳዪው። ብዙ ካለ ሽጪለትና እንገላገል።"

ከመናኸሪያው የመጣው ልጅ ኮፍያውን እንኳ አላወለቀም። የላይኛውን በር ከፍቶ ዘጋ፣ ከጀርባው በታች እጁን ሰዶ ሞተሩን ነካ፣ ሱሪው ላይ እጁን ጠረገ። "እማ፣ ጋዙ አልቋል። ሞተሩም እያለቀ ነው። አስራ አራት ሺህ ትጨርሻለሽ፤ እሱም ከቆየልሽ ነው። ለኔ ብትሸጪልኝ አምስት ሺህ እሰጥሻለሁ፤ አሁኑኑ በጋሪ ላስወስደው።"

"ሳህኗ ለምን ደረቀች?" አለችው።

"የቷ ሳህን?"

አሳየችው። ልጁ ሳቀ። "ውሃ ባይኖር ጥሩ አይደል እንዴ እማ?"

እሷም እንዲሁ ብላ ነበር፤ ቃል በቃል። ስለዚህ አላመነችውም። "ባለቤቴን ላማክር" ብላ ሸኘችው። ጠርሙሶቹን በፌስታል ጠቅልላ፣ ከነቤት ነጠላ ጫማዋ ከግቢ ወጣች። የት እንደምትሄድ አታውቀውም ነበር። ወደ ገበያው የሚወስደውን መንገድ ጀመረች፣ ተመለሰች፣ እንደገና ጀመረች። ፋርማሲው ደጃፍ ሁለት ጊዜ አለፈች። በሦስተኛው ገባችና ሰው እስኪወጣ ድረስ ሳሙና እንደሚገዛ ሰው መደርደሪያ ስትመለከት ቆየች። እየሩስ የምትባለው ፋርማሲስት ታውቃታለች።

"ምን ልርዳሽ እትዬ ሽታዬ?"

"የጎረቤት ነው" አለች ሽታዬ። "ኢንሱሊን በረዶ ከነካው… ትንሽ ብቻ ረግቶ ከቀለጠ፣ እንዲያው ምን ይሆናል?"

"ይጣላል።"

"መልኩ ግን ደህና ነው። ጥርት ያለ ነው።"

"መልኩን አትዪ። አንዴ ከረጋ ውሃ ተወጋሽ ማለት ነው።" እየሩስ እጇን ወደ ፌስታሉ ዘረጋች፤ ሽታዬ ግን ፌስታሉን አልለቀቀችም። "ለምንድነው በረዶ ውስጥ የሚያስገቡት? የተጀመረው ጠርሙስ በደብረ ማርቆስ ብርድ ጠረጴዛ ላይ ቢቀመጥም ሳምንታት ይቆያል እኮ። ፍሪጅ የሚፈልገው ያልተከፈተው ነው። ለመሆኑ የተወጋ ሰው አለ?"

ሽታዬ ፌስታሉን ጨብጣ ወጣች። ጠረጴዛ ላይ ብትተወው ይሻል ነበር። ምንም ባታደርግ ይሻል ነበር። አምስት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ፤ አስር መርፌ ውሃ። ከፋርማሲው አይናለም እስከምትሠራበት የልብስ ሰፊዎች በረንዳ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ እዚያች መንገድ ላይ ግን ቀብሩን አይታ ጨረሰች። ነጭ የተጠቀለለች ትንሽ ሣጥን አየች፣ የትምህርት ቤት ልጆች ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ከኋላ ሲከተሉ አየች፣ አይናለም ደረቷን እየመታች ስሟን ስትጠራ ሰማች። የሂዊን አይደለም፤ የእሷን፣ የሽታዬን ስም።

አይናለም ማሽኗ ላይ ጎንበስ ብላ የትምህርት ቤት ሹራብ የክርኑን ቀዳዳ ትጥፋለች። የልብስ መለኪያ ሜትሯ አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል። ጥላ ሲያርፍባት ቀና አለች፤ መጀመሪያ ያየችው የሽታዬን ፊት ሳይሆን እግሯን ነው፤ የቤት ነጠላ ጫማውን።

"ምን ሆነች?" አለች። ስም አልጠራችም።

"ደህና ናት። ጠዋት ደህና ሄዳለች። መድኃኒቱ ነው። ወተቱ ሲበላሽብኝ እሱም እንዳይበላሽ ብዬ በረዶ ውስጥ አደረግሁት። ፍሪጁ ለካ ታሟል፣ አላወቅሁም። ረግቶ ቀልጧል፤ አይሠራም አሉኝ፣ አይናለም፣ ውሃ ነው አሉኝ።"

"መቼ ነው ያስገባሽው?"

"ቅዳሜ።"

አይናለም የማሽኑን ጎማ በእጇ አቆመችው። ከጎኗ ያሉት ሰፊዎች ማሽናቸውን ሳያቆሙ ጆሯቸውን አቁመዋል። "ለዚህ ነዋ ውሃ ውሃ የምትለው" አለች ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። "የስኳር መለኪያ ወረቀቱ ውድ ነው ብዬ በሳምንት አንዴ ነው የምለካት። ሽሮው ጨው የበዛበት መስሎኝ። ትላንት ማታ ጮህኩባት፤ ጀሪካኑን ጨረስሽው ብዬ ጮህኩባት።"

ሽታዬ ስድቡን ጠበቀች። ቢመጣ ትንሽ ይቀላት ነበር። አይናለም ግን ማሽኑ ላይ ጨርቅ ጣል አድርጋ፣ "ይህን አደራ" ብላ ለጎረቤቷ ተናግራ፣ ባጃጅ ለማስቆም ወደ አስፋልቱ ወጣች። ባጃጁ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። በሁለት ዓመት ውስጥ ትከሻቸው ሲነካካ ይህ የመጀመሪያው ነው። ባጃጁ ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረዳቸው። ሂዊን ያገኟት የመጨረሻው ዴስክ ላይ ራሷን ክንዷ ላይ አስደግፋ ተኝታ ነው። "ሰሞኑን እንዲህ ናት" አለች መምህሯ፤ "ቁርስ ሳትበላ የምትመጣ መስሎኝ ነበር።" ልጅቷ ዓይኗን ከፍታ እናቷንና እትዬ ሽታዬን ባንድ ላይ ቆመው ስታይ፣ ከመታመሟ ይልቅ እሱ አስደነገጣት። "ማን ሞተ?" አለች።

ሆስፒታል ሲለኳት አራት መቶ ሠላሳ ስድስት። ነርሷ ቁጥሩን ሁለቴ አየችው። ሽንቷን መርምረው፣ ግሉኮስ የሌለበት ፈሳሽ በክንዷ ሰክተው፣ መድኃኒት ሰጥተው አስተኟት። "ዛሬ ማምጣታችሁ ደህና ሆነ" አለች ነርሷ፤ "አንድ ሁለት ቀን ብትቆዩ ተሸክማችኋት ነበር የምትመጡት።" አይናለም የልጇን እግር በነጠላዋ ሸፈነች። ወደ ሰባት ሰዓት ተኩል ግድም ቁጥሩ ወደ ሦስት መቶ ወረደ፤ ሦስት አዳዲስ ጠርሙስ ተጻፈላቸው። አይናለም ወረቀቱን ይዛ ለረጅም ጊዜ ተመለከተችው።

"ያልተከፈቱትን የት ነው የማስቀምጣቸው?" አለች።

ልታቆስላት አልነበረም፤ በእውነት እየጠየቀች ነው። ሽታዬን ግን ከየትኛውም ስድብ በላይ አመማት። "እኔ አሠራዋለሁ" አለች። "ሳይመሽ አሠራዋለሁ።"

"ማሽኔ ሲቃጠል የሚሠራልኝ ሰውዬ አለ፤ ጋሼ ገብረ ኪዳን ይባላሉ፣ ከገበያው በታች። ምጣድና ምድጃ ነው የሚሠሩት፤ ፍሪጅም ያውቃሉ ሲሉ ሰምቻለሁ።" ይህን ስትል አይናለም ልጇን እንጂ ሽታዬን አላየችም።

የገብረ ኪዳን ሥራ ቤት ቆርቆሮ በቆርቆሮ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣዶች በጀርባቸው ተደርድረዋል፤ የተጠቀለለ የማሞቂያ ሽቦ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። ሽማግሌው መነፅራቸውን በክር አስረው አንድ ምድጃ ይፈታሉ። ቀና ሳይሉ አዳመጧት። ሽታዬ ጋዝና ሞተር እያለች መናኸሪያ የሰማችውን ስትደግም አቋረጧት።

"ሳህኗስ?"

"ምን አሉኝ?"

"ከጀርባው ያለችው። ውሃ አላት?"

"ደርቃለች" አለች ሽታዬ፤ ማልቀስ አማራት። ቀኑን ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም። "ከፋሲካ ወዲህ ደርቃለች።"

"ድምፅ አለው?"

"ይቧጭራል። ሳምንት አልፎታል። እኔ ሬዲዮ እየከፈትኩ…"

"ፍሪጁስ ዘፈኑን ወደደው?" ሽማግሌው በሳቅ ሳል ያዛቸው። ከዚያ መነፅራቸውን አወለቁ። "ስሚ ልጄ። እንዲህ ያለው ፍሪጅ ሆዱ ውስጥ ምድጃ አለው። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከበረዶው ሥር ያለ ሽቦ ይግላል፤ የተጋገረውን በረዶ ያቀልጥና ውሃው በቱቦ ወርዶ ሳህንሽ ላይ ይንጠባጠባል። ሽቦው ከተቃጠለ በረዶውን ማን ያቀልጠው? እያደገ እያደገ የቅዝቃዜውን መውረጃ ይደፍነዋል፤ የሚቧጭርሽም ማራገቢያው በረዶውን ሲመታ ነው። ላዩ ይረጋል፣ ታቹ ይሞቃል። ሰው ግን ቀዝቃዛ ነገር ውስጥ ምድጃ አለ ቢሉት አያምንም፤ ሞተር ነው ይልና ሞተር ይቀይራል።"

"ስንት ይፈጃል?"

"ከሞተ ፍሪጅ ያወጣሁት ደህና ሽቦ አለ። ከአዲስ ፊውዝ ጋር፣ ከነእጄ፣ አንድ ሺህ ሁለት መቶ።"

"እሳት ቢያስነሳስ?"

"ፊውዙ ለዚያ ነው። ከልክ በላይ ከጋለ ይቆርጠዋል።"

"ፊውዙ እንቢ ቢልስ?"

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩዋት። "ባል አለሽ?"

"አለኝ።"

"እግዜር ይርዳው" አሉና መሣሪያቸውን ወደ ከረጢታቸው መክተት ጀመሩ።

አስር ሰዓት ላይ የፍሪጁ የውስጥ ግድግዳ ተፈትቶ ማዕድ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርግቷል። ከኋላው አንድ ስንዝር የሚሆን ጠጣር በረዶ ነበር። ጋሼ ገብረ ኪዳን በሞቀ ውሃ በተነከረ ጨርቅ እያባበሉ አቀለጡት፤ ሽታዬ ቢላዋ ስታቀብላቸው፣ "ቢላዋሽን ለሽንኩርት፤ እዚህ ቱቦ ከበሳሽ ያኔ ነው ጋዙ የሚያልቀው" አሉ። ሽቦው ወጣ። እንደ እርሳስ የቀጠነች ዘንግ ናት፤ አንዱ ጫፏ ጠቁሯል። በኤሌክትሪክ መፈተሻ ቴስተራቸው ሁለቱን ጫፍ ነኩት፤ የቴስተሩ መርፌ አልተነቃነቀም። ከከረጢታቸው ያወጡትን ሲነኩ ዘለለ። "ይኸውልሽ፤ ያኛው ሞቷል፣ ይሄኛው አለ።" ሽታዬ ደግመው እንዲነኩት ለመነቻቸው፤ ደገሙላት። ከበረዶው ግን ጥቂቱን ሳያቀልጡ ተዉት። "ይህን እኔ አላቀልጠውም" አሉ፤ "ራሱ ያቅልጠው። ፈተናው ይሄ ነው።"

ስማቸው ከሥራ ሲገባ ያገኛቸው ይህን ሲያደርጉ ነው። በሩ ላይ ቆሞ የተበታተነውን ፍሪጅ፣ እርጥቡን ወለል፣ የማያውቃቸውን ሽማግሌ ተራ በተራ አየ።

"ሽጪው አላልኩሽም?"

"ሂዊ ሆስፒታል ነው የዋለችው" አለችው። "መድኃኒቷን በረዶ ውስጥ አስገብቼ አበላሽቼባት። አምስት ቀን ውሃ ስትወጋ ነበር። አሁን ወርዶላታል፤ መጥተዋል፣ ቤታቸው ናቸው።"

ስማቸው ቦርሳውን ጠረጴዛው ላይ ለማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። ጋሼ ገብረ ኪዳን የመጨረሻዋን ብሎን እያጠበቁ፣ "እዚሁ ነው የሚቆመው? ልሰካው?" አሉ።

"አይደለም" አለች ሽታዬ። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። "ወደ ኋላ ቤት ነው የሚሄደው።"

"ምን ማለትሽ ነው?" አለ ስማቸው።

"ቆርቆሮ ነው፣ እንገላገል አላልክም? ለገዛችው ሰው እየመለስኩት ነው።"

ስማቸው ባለቤቱን አያት፤ የእናቱ ፎቶ ወደተሰቀለበት ወደ ሳሎኑ በር ዞሮ አየ። ሽታዬ የሽማግሌዎቹን ፍርድ የሚያነሳ መስሏት ነበር። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ ወንበር ላይ ጣለና ጎንበስ ብሎ የፍሪጁን አንድ ጎን ያዘ። "አያዘንብልብን" አሉ ጋሼ ገብረ ኪዳን ሌላውን ጎን ይዘው፤ "እንደቆመ ነው የሚሄደው።" ሽታዬ ከኋላ ደገፈች። ግቢውን ትንሽ በትንሽ፣ እያሳረፉ ተሻገሩት። የኋላው ክፍል በር ላይ ሲደርሱ ስማቸው ቆመ።

"በሩ ጠባብ ነው፤ አይገባም" አለ፤ ለማን እንደተናገረ ሳይታወቅ።

አይናለም ከውስጥ ወጥታ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው። ሜትሩ አሁንም አንገቷ ላይ ነው። "በጎን ካዞራችሁት ይገባል" አለች። "ሁለት ጣት ይተርፈዋል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለክቼዋለሁ።"

በጎን አዞሩት፤ ገባ። ሁለት ጣት ተረፈው። ክፍሉ ውስጥ ያለው አንድ ሶኬት ነው፤ ከሶኬቱ አጠገብ ያለው ጥግ ባዶ ነበር። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ የልብሱ ክምር ሁሉ ከዚያ ጥግ ፈቀቅ ብሎ ተቀምጧል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ምንም ያላረፈበት ጥግ ነው። ስማቸው እሱንም አየው። ልጅቷ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ጉልበቷን አቅፋለች። "ተሻለሽ?" አላት። "አዎ አጎቴ" አለች። እጁን ራሷ ላይ አሳርፎ ወጣ። ጋሼ ገብረ ኪዳን ፍሪጁ እንዲያርፍ አንድ ሰዓት ያህል አቆዩት፤ ከዚያ ሰኩት፣ የማቅለጫ ሰዓቱን በእጃቸው ዘወር አደረጉና ለሂዊ ሳህኗን አሳዩአት። "አንቺ ነሽ ጠባቂዋ። ጠብ ካለ እኔ ድኛለሁ፣ ካላለ ነገ ጠዋት እናትሽ ትስደብኝ።" ሽታዬ ብራቸውን ሰጥታ እስከ ውጭው በር ሸኘቻቸው። ሁለት ጊዜ ስለ ፊውዙ ጠየቀቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አላልቅ አላት። እራት አቀረበች፣ ስማቸው ትንሽ በላ። ማዕድ ቤቱ ውስጥ ፍሪጁ የቆመበት ቦታ ከሌላው ወለል የነጣ አራት ማዕዘን ሆኖ ይታያል፤ ሦስት ጊዜ ወለወለችው፣ አልለቀቀም። ሽቦው ቢቃጠልስ? ያ ክፍል አንድ በር ብቻ ነው ያለው። መብራት ቢሄድ፣ ሲመለስ ቢበዛበትስ? አሮጌው ሽቦ የሞተው ከሌላ በሽታ ቢሆንስ? ጆሮዋን ወደ ግቢው ሰጥታ ቆመች። የሽንት ቤቱን በር አልሰማችም። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ፤ ዛሬ በዚህ በር የሚገባ ልጅ የለም፣ መድኃኒቱ እዚያው ነው። ሁለት ሰዓት አለፈ።

"በሩን አትቆልፊውም?" አለ ስማቸው ከሳሎን። ፋርማሲ የሚለውን አላነሳም።

"ትንሽ ልቆይ።"

ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን የኋላው ቤት በር ተከፈተ። ሂዊ ግቢውን ስትሻገር ሽታዬ አየቻት፤ ልጅቷ አካሄዷ ልክ አይደለም፣ እጅግ ቀስ ትላለች፣ ወደ ታች ጎንበስ ብላለች። እየሮጠች ወጣች። ሂዊ ግን ቀስ የምትለው እንዳይፈስባት ነው። ሳህኗን በሁለት እጇ ይዛለች፤ ግማሽ ድረስ ሞልታለች።

"ጠብ አለ እትዬ" አለች። "እየቆጠርኩ ነበር፣ ሲበዛብኝ ተውኩት። ስኳሬ መቶ ዘጠና ሆኗል። እናቴ ደግሞ ይሄን ውሰጂላት ብላኛለች፤ ለጤና አዳሙ።"

ሽታዬ መንገድ ለቀቀችላት። ሂዊ የዘይት ቆርቆሮው አጠገብ ተቀምጣ ውሃውን ከሥሩ ዙሪያ ቀስ እያደረገች ደፋችው፤ አፈሩ ድምፅ እያሰማ ጠጣው። ከዚያ ሳህኗን አራግፋ፣ "ደህና እደሪ እትዬ" ብላ ሄደች፤ አሁን አካሄዷ የልጅ ነው።

ሽታዬ የኋላው ቤት መቀርቀሪያ ሲገባ እስክትሰማ ደጃፉ ላይ ቆየች። ከዚያ ገብታ የማዕድ ቤቱን በር ዘጋች፣ ቁልፉን ሁለት ጊዜ አዞረችው፣ መቆለፉን ለማረጋገጥ እንደ ልማዷ ሳብ አድርጋ አየችው። ተቆልፏል።